ሦስተኛውና የደፈነው መስኮት

ሰፈርተኛው የዚህን ሰው እውነተኛ ስም ከረሳው ቆይቷል። ሥራው ግንበኝነት ነው። እሱ ያቆመው ግድግዳ አያጋድልም፤ እሱ ያሰረው ማዕዘን ከዓመታት በኋላ ቱንቢ ቢጣልበት ከመስመር አይወጣም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይመሰክርለታል፤ ነገር ግን «ግንበኛው» ብሎ የሚጠራው የለም። «ሦስተኛው» ነው የሚሉት። ስለ ዝናብ ይጀመር፣ ስለ ጥርስ ሕመም ወይም ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ እሱ ያለበት ወሬ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው።

«ጋሼ ሦስተኛው!» ይለዋል መንገድ ዳር ያለው ባለሱቅ፣ ገና ከሩቅ ሲያየው። «ዛሬስ ትልልቆቹ ምን አሉ? ሳሙና ላስመጣ ወይስ ይቅር?»

«ሳቅ። ሳቅ አንተ።»

«ኧረ ከምሬ ነው! ነገ የምንነድ ከሆነ ዛሬ መታጠቡ ምን ይሠራልናል ብዬ ነው።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመው ሁሉ ይስቃል። ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ከዚያ የማይጠፋው ጡረተኛ መምህር ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቅና፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ወዳጄ፣ ቦምቡን የያዙት ሰዎች ልጆች አሏቸው። ልጅ ያለው ሰው ዓለምን አያቃጥልም።»

«ልጆቻቸውንማ የሚያስገቡበት አላቸው» ይላል ግንበኛው፣ ዳቦውን ይዞ እየሄደ። ከኋላው «የሚያስገቡበት አላቸው!» እያሉ ድምፁን አስመስለው ሲስቁ ይሰማዋል።

የሚያስገቡበት እንዳላቸው ግን ያውቃል። በእጁ ሠርቶታል።

ገና ወጣት ሳለ አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገነባ ተቀጥሮ ነበር። ከሕንፃው ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሯቸው፤ ከዚያ ግድግዳ አስገነቧቸው። ግድግዳው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ውፍረቱን የማይጨርሰው ነበር፤ የፌሮ ብረቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም እንደ ወንፊት ተጠላልፎበታል። በሩ ብረት ነው። የአየር ቧንቧው ቀጥ ብሎ አይገባም፤ እንደ ክርን ታጥፎ ነው። ምን እየሠሩ እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። አንዳንዱ ግምጃ ቤት ነው አለ፣ አንዳንዱ እስር ቤት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጦ ዳቦውን የሚገምጠው መሐንዲስ ነገራቸው።

«ይሄ እኮ ለአቶሚክ ነው» አለ፣ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። መጀመሪያ ብርሃን ይመጣል፤ ያንን ያየ ዓይን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አያይም። ቀጥሎ ነፋሱ ይመጣል፤ ቤቱን እንደ ክብሪት ቀፎ ይጨፈልቃል። ከዚያ እንደ አመድ የላመ አቧራ ይዘንባል፤ የነካውን ውሃ የጠጣ፣ የነካውን እህል የበላ ከውስጥ ይነዳል። እዚህ የገቡት ግን በሩን ዘግተው እስኪያልፍ ይቀመጣሉ።

«ማን ነው የሚገባው?» አለ ወጣቱ ግንበኛ።

«የሚገባው ነዋ።»

«እኛስ? የሠራነው?»

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ከንፈሩ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ጠራረገና ሳቀ። «እናንተማ ግንበኞች ናችሁ። እናንተ የምትፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ወደ ቤቱ በሚመለስበት አውቶቡስ ውስጥ ግን ያ ሳቅ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ቀኗ ገብቶ ነበር።

ቤታቸው ዳገት ተደግፎ የቆመ ነው። ጀርባውና ሁለቱ ጎኖቹ አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ አንድ ሰፊ ክፍልና መግቢያው ላይ እንደ አንገት የጠበበች ማድ ቤት ብቻ ነው ያለው። የሚተኙትም፣ የሚበሉትም፣ እንግዳ የሚቀበሉትም በሰፊው ክፍል ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ በመንገዱ በኩል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋም የተተከለው እዚያ መስኮት ሥር ነበር።

ያ መስኮት ሱቋ ነበር። ደንበኞቿ በሩን አያንኳኩም፤ ጎንበስ ብለው የተቀደደውን ሱሪ በመስኮቱ ይወረውሩላታል። አንዱ «እህቴ፣ ለሠርግ ነውና እንዳታሳፍሪኝ» ሲላት፣ ሱሪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ «ሙሽራዋ አይታዋለች ወይስ ገና ነው?» ትለዋለች። ከውጭ ሳቅ፣ ከውስጥ ሳቅ። ጠዋት የሚገባው ብርሃን መርፌው ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ፣ ክሩን ወደ ዓይኗ ሳታስጠጋ ታሾልከው ነበር። ባሏ ከሥራ ሲመለስ የመንደሩን ወሬ የሚሰማው ከእሷ ነው፤ እሷ የምትሰማው ከመስኮቱ።

ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄደች። በዚያው ሳምንት ሬዲዮኑ ትልልቆቹ መንግሥታት አንድ ባሕር ላይ መርከብ ለመርከብ እንደተፋጠጡ አወራ፤ የጦር መሪዎቹ ከነቤተሰባቸው የት እንደሚያድሩ እንደማይታወቅ አወራ። ግንበኛው የት እንደሚያድሩ ያውቃል። በማግስቱ ሥራ አልገባም። ድንጋይ አስመጣ፣ ፌሮ አሰረ፤ ሲሚንቶውን ማንም ግንበኛ ለመኖሪያ ቤት በማያዋጣው መጠን አበዛበት። መስኮቱን ደፈነው። ከላይ ጥግ ላይ እንደ ክርን የታጠፈች ቧንቧ አስገባለት። ሲጨርስ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና፣ ከዚያ መሐንዲስ ሳቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ስትገባ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች። አምፖሉ በቀን በርቷል።

«መስኮቴስ?»

«ለጊዜው ነው። ነገሩ እስኪበርድ።»

«የቱ ነገር?»

በጣቱ ወደ ላይ አሳያት። እሷም ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«ለልጅቷ ብዬ ነው» አለ።

ለልጅሽ ብዬ ነው የሚልን ሰው ምን ብለው ይከራከሩታል? ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ እጇን መስኮቱ በነበረበት ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ቀዝቅዞ ነበር።

ነገሩ በረደ። መርከቦቹ ወደመጡበት ተመለሱ። «አሁንስ በርዷል?» አለችው። «ላይ ላዩን ነው» አላት። ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ሞቀ፤ እሱም በረደ፤ ደግሞ ሌላ መጣ። በየመሃሉ ትጠይቀዋለች፤ በየመሃሉ «ትንሽ እንየው» ይላታል። ልጅቷ እህት ወይም ወንድም ሲያምራት አባቷ «በዚህ ዘመን ልጅ ይወለዳል?» አለ፤ በዚያው የሚስቱ ዕድሜ አለፈ። ደንበኞቿ በሩን ማንኳኳት አልለመዱም፤ ቀስ በቀስ መንገድ ዳር መስኮት ወዳላት ሌላ ሰፊ ዞሩ። ግድግዳው እርጥበት መሳብ ጀመረ። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ቆይቶ ጠቆረ። የሰፋችው ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። ኋላ ሳል ያዛት፤ ሳሉ እንደ ቤተኛ ሆነና ሲጠፋ «የት ሄደ?» የሚባል ዓይነት ሆነ።

ባሏ መጥፎ ባል ነበር የሚል ሰው ቢኖር እሷ ራሷ ትጣላዋለች። ደመወዙን አምጥቶ እጇ ላይ ያስቀምጣል፤ አይጠጣም፤ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ይወዳታል። የሚፈራው ሁሉ ለእሷና ለልጅቷ ነው። ይኸው ነው የከፋው።

በዚህ ዓመት ሳሉ ደም ቀላቀለ። ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ባልየውን ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የምትውልበት ክፍል መስኮቱ ስንት ነው?»

«ቧንቧ አለው» አላት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አየችው። ከዚያ አብራው ወደመጣችው ልጁ ዞራ፣ እናቷ አንድ ክረምት ደግሞ በዚያ ክፍል ካሳለፈች ሳንባዋ እንደማይቋቋመው ነገረቻት።

ልጅቷ አድጋለች፤ ሌላ ከተማ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው። ቁመቷ የአባቷ፣ አነጋገሯ የእናቷ ነው። እናቷን ቤት አድርሳ ስትመለስ አባቷን ደጃፍ ላይ አቆመችው።

«አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። መስኮቱ ተከፍቶ ካገኘሁት እማዬ እዚሁ ከአንተ ጋር ትኖራለች፤ ስትናፍቀኝ እየመጣሁ አያታለሁ። ካልተከፈተ ግን ይዣት ነው የምሄደው። ከዚህ በላይ አልታገሥህም።»

«እከፍተዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ማልልኝ።»

«በአንቺ ሞት።»

«በእኔ አትማል። በመስኮቱ ማልልኝ» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ደስ አለው፤ በእውነትም ሊከፍተው ወስኖ ነበር። ያለ ሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ሻይ ውስጥ የሚገባውን ስኳር የምታውቀው እሷ ናት።

በማግስቱ መዶሻውንና የድንጋይ መሮውን አወጣ። ሚስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ምት ሲያሳርፍ ድንጋዩ ብልጭታ ተፋ እንጂ አልተነካም። ደግሞ መታ። እጁ እስከ ትከሻው ነዘረው። በልጅነት ጉልበቱ ያቦካው ሲሚንቶ በሽማግሌ ጉልበቱ አልበገር አለው። ይረግማል፤ እየረገመም በልቡ «ማን እንደሠራው እዩት» ይላል።

«ምን ትላለህ ከግድግዳው ጋር?» አለችው ከውጭ።

«ተጣብቋል!»

«አንተን ነዋ የመሰለው!» አለች። ሳል ያዛት፤ ግን እየሳቀች ነበር። በማድ ቤቱ በር አሻግሮ ሲያያት ፊቷ ላይ ፀሐይ አርፏል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በአምፖል ሲያየው የኖረው ፊት አልመስለው አለ። ሲመሽ ከግድግዳው የመዳፍ ያህል ፈንቅሎ ነበር። በማግስቱም ቀጠለ፤ የመጀመሪያው ፌሮ ብቅ አለለት።

በሦስተኛው ቀን ዓለም አበደች።

ይህን ጊዜ የሰማው ከራሱ ሬዲዮን ብቻ አልነበረም። ባለሱቁም ከፍቷል፣ ፀጉር አስተካካዩም ከፍቷል፣ በየሰው ኪስ ያለው ስልክ ይጮሃል። ከትልልቆቹ አንዱ ትልቁን መሣሪያ አዘጋጁ ብሎ አዟል፤ ሌላው «የእኛም ዝግጁ ነው» ብሎ መልሷል። የከተሞች ስም እየተጠራ እዚህ ቢወድቅ ይህን ያህል፣ እዚያ ቢወድቅ ያን ያህል ይባላል። ከሰዓት በኋላ የሱቁ መደርደሪያ ተራቆተ፤ ሰው የማይፈልገውን ሁሉ ገዝቶ ሄደ። ሕፃን የሌለው ሰው የሕፃን ወተት ተሸክሞ ታየ።

ግንበኛው መሮውን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፈ ማድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ቆመ። ባለሱቁ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

«ጋሼ» አለ።

ጋሼ ብቻ። ከኋላው የሚከተል ስም የለውም። ግንበኛው ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ክፍልህ... እንዲያው ለመሆኑ ስንት ሰው ይይዛል?»

መዶሻው እጁ ላይ ከበደው። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

ከባለሱቁ ቀጥሎ ጡረተኛው መምህር መጣ፤ ፍራሹን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ። «ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «በመሠረቱ እንደማይሆን አውቃለሁ።» ከዚያ ከላይ ሰፈር ልጆቻቸውን የያዙ ሴቶች መጡ፤ ከዚያ ሠላምታ ሰጥተውት የማያውቁ ሰዎች መጡ። ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ቆመው ጣሪያውን ያያሉ፣ ግድግዳውን ይነካሉ። «ፌሮ አለው?» ይሉታል። «ወደ ላይም ወደ ጎንም» ይላቸዋል። «አየሩስ?» ሲሉት ቧንቧውን ያሳያቸውና ለምን እንደ ክርን እንደታጠፈ ይነግራቸዋል። መጀመሪያ ብርሃን እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ ቀጥሎ አቧራ፣ አንድ በአንድ አስረዳቸው። የሳቀ የለም። አንዲት ሴት ልጇን ጠበቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አንተ ባታስብልን ምን ይውጠን ነበር?» አለችው።

ለዚህች አንዲት ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቋል። ሰውነቱ ቀና አለ፤ ድምፁ ወፈረ፤ ያ በአውቶቡስ ውስጥ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረው አጥንት ወረደለት።

«ይቺ የተፈነቀለችው ግን ምንድን ናት?» አለ መምህሩ፣ ጣቱን መስኮቱ ወደነበረበት ቀስሮ።

ሁሉም ዞረው አዩ። ሚስቱም ማድ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ ሻይ ለእንግዶቹ ታፈላለች። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ መዞሩን አቆመ።

«እሱማ...» አለ ግንበኛው። «እድሳት ነው። ልደፍነው ነው።»

ማንኪያው እንደገና መዞር ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት ደፈነው፤ ብዙ ሰው እየተመለከተው፣ ባለሱቁ ራሱ ሲሚንቶ እያቀበለው። ዓርብ ዕለት ቦታ ማደል ጀመረ። ሰዉ እንዳይጣላ ብሎ ከሚስቱ መሳቢያ ውስጥ ልብስ የምታሰምርበትን ጠመኔ አወጣና፣ ወለሉን ውሃ ልክ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ ከፋፈለው። ይሄ የባለሱቁ ቤተሰብ፣ ይሄ የመምህሩ፣ ይሄ ሕፃናት ላሏቸው፤ እነሱ ከቧንቧው ሥር ይሁኑ። የስፌት መኪናው ብዙ ቦታ ያዘበት። አውጥቶ ግቢው ውስጥ አቆመውና ላስቲክ አለበሰው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«ለጊዜው ነው» አላት።

አንዴ አየችው፤ አስተያየቷ ቁጣ የለበትም። ስሙ እንደጠፋት ሰው አየችው። ከዚያ ጠመኔዋን ከእጁ ተቀበለችና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ከመንገዱ ጀምራ ግድግዳውን ስላየችው ሠላምታ አላስቀደመችም። ገብታ በፍራሾቹ መሃል ቆመች፤ አዲሱ ሲሚንቶ ገና አልደረቀም፤ በጣቷ ነካችው።

«ልጄ፣ ወሬውን አልሰማሽም እንዴ?» አለ አባቷ። «እንደ ድሮው አይደለም። ይሄኛው እውነተኛው ነው። ሰዉን ተመልከቺው! እነ ባለሱቅ ሳይቀሩ...»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

ወለሉ ላይ የተሰመረውን ጠመኔ እየተከተለች ተራመደች። «ይሄ የማን ነው?»

«የመምህሩ።»

«ይሄስ?»

«የባለሱቁና የልጆቹ።»

«የአንተስ?»

«እኔ በሩ ጋ ነኝ። የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋላ።»

«የእማዬስ የቱ ነው?»

ግንበኛው ወለሉን አየ። ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ፣ ከቧንቧው ሥር እስከ በሩ አየ። አፉን ከፈተ። «እሷማ... እሷ ከእኔ ጋር ናት» አለ፤ በሩ ጋ ያሰመራት ቦታ ግን ለአንድ ሰው፣ ያውም ቆሞ ለሚያድር ሰው የተሠራች ነበረች።

«ተይው ልጄ» አለች እናትየው ከኋላ። ትንሿን ሻንጣዋን በእጇ ይዛለች። «እኔ የቤት ሰው ነኝ። ቦታ የሚታደለው ለእንግዳ ነው።»

«አሁን ይሰመራል እኮ! አሁኑኑ! ጠመኔውን አምጪው» አለ፤ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«እሺ፣ መንገድ ላይ ሳላችሁ አንድ ነገር ቢመጣስ?» አለ። «ሜዳ ላይ ሆናችሁ ቢመጣስ?»

«ይምጣ» አለች ሚስቱ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጣ፣ መጣ ስትለኝ ኖርክ። አንተ መቅረቱን ታያለህ። ለእኔ ግን መጥቷል። ብርሃኔን ወስዷል፣ ደንበኛዬን ወስዷል፣ ሳልወልዳት የቀረችውን ልጄን ወስዷል። አሁን ትንፋሼን እየወሰደ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ቢመጣ ከእኔ የሚያቃጥለው ምን ያገኛል?»

ይህን ሁሉ ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሳል ስለሚያቋርጣት በየመሃሉ እያረፈች ነበር የተናገረችው፤ እሱም ሳሏ ሲያቋርጣት ያለቀ እየመሰለው ይተነፍስ ነበር።

የስፌት መኪናውን ልጅቷ በተከራየችው መኪና ላይ የጫኑላቸው ጎረቤቶቹ ናቸው። ያን ያህል ሰው እንዲህ ተረባርቦ ዕቃ ሲያወጣለት አይቶ አያውቅም። «ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ የእህታችን መኪና ነው» ይላል ባለሱቁ፤ በዓይኑ ግን ክፍሉ ውስጥ አልጋዋ የነበረበትን ጥግ ይለካል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሚስቱ በመስታወቱ እጇን አወዛወዘችለት። መስታወቱን እስከ ታች ከፍታዋለች፤ ነፋሱ ነጠላዋን ይወስደዋል።

ከዚያ ዓለም ልብ ገዛች። ትልልቆቹ አንድ ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተጨባበጡ፤ የሁሉም ፊት ያማረ ነበር። ፍራሾቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሴቶቹ በቀን ወሰዱ፣ ወንዶቹ ሲጨላልም። መጨረሻ የመጣው መምህሩ ነው፤ «ጀርባዬን ስላመመኝ ነው እንጂ ይቆይ ነበር» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። በሳምንቱ ግንበኛው ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁ ኮፍያውን አድርጎ ጠበቀው።

«ጋሼ ሦስተኛው! ምነው፣ አራተኛው መቼ ነው በለን እንጂ!»

ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ባለፈው እግዚአብሔር ይስጥህ ያለችው ሴትም ሳቀች፤ ልጇም እናቱን አይቶ ሳቀ።

ግንበኛው ወደ ቤቱ ገብቶ መዶሻውን አነሳ። በዚያ ቀን አላቆመም፣ በማግስቱም አላቆመም። እጁ ቆሰለ፤ መሮው ተጣመመና ሌላ ገዛ። ፌሮውን በብረት መጋዝ እየገዘገዘ ቆረጠው። ድምፁ መንገዱን ሲሞላው ጎረቤቶቹ መጡ፤ መጀመሪያ ሊስቁ፣ ኋላ ሲያዩት ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለ ባለሱቁ። «ያ የመሰለ ግድግዳ!»

«መስኮት ነው» አለ ግንበኛው፣ እየመታ።

«እሺ መስኮት ይሁን። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር ቢመጣ የት እንግባ? ልጆች አሉን እኮ።»

«ታምናለህ እንዴ እንደሚመጣ?» አለው ግንበኛው፣ መዶሻውን እንዳነሳ ቆም ብሎ። «በቀደም ሱቁ ጋ ምን ስትል ነበር?»

«ቀልዱ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ!» አለ ባለሱቁ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። መምህሩም አንድ ሰው የብዙኃኑን ንብረት በራሱ ፈቃድ ሊያፈርስ እንደማይገባው ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በነፃ ላከለት፤ የሱቁ ተላላኪ በሩ ላይ ጥሎለት ሄደ።

ቀዳዳው ዓርብ ዕለት ወደ ውጭ ወጣ። ሰው ፊቱን የሚያስገባበት ያህል ናት። በእሷ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ አርፎ፣ ያልጠፋውን የጠመኔ መስመር አሳየው። ግንበኛው አቧራውን ከእጁ ሳያራግፍ ስልኩን አንስቶ ልጁ ዘንድ ደወለ፤ እናትሽን አገናኚኝ አላት።

«አቤት» አለች ሚስቱ። ከድምፅዋ ጀርባ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ሳል አልሰማም፤ አለመስማቱም አስደነገጠው።

«መስኮቱን ከፈትኩት።»

መቀሷን ስታስቀምጥ ተሰማው።

«ትንሽ ይቀረዋል። ግን ወጥቷል፤ ብርሃን ገብቷል። መኪናሽን የምተክልበትን አጽድቻለሁ። መጥቼ ልውሰድሽ?»

«እዚህ መስኮት አለኝ» አለች፤ ደጃፏ ላይ ለቆመ ሻጭ «ገዝቻለሁ» እንደምትለው ዓይነት፣ በትሕትና።

ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር ዝም ሲሉ ወሬ የምታመጣው እሷ ነበረች። አሁንም እሷው አዘነችለት።

«ሬዲዮኑስ ምን ይላል?» አለችው።

ነፍስ ዘራ። እጅ መጨባበጣቸውን አትመኚው አላት፤ ውስጥ ውስጡን መሣሪያው ከቦታው እንዳልተነሳ፣ አንደኛው ወገን አዲስ ነገር እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛው ጄኔራል ምን እንዳለና ያለው ነገር ሲፈታ ምን ማለት እንደሆነ ነገራት። እሷ ዝም ስትል ድሮም እንደዚያው ነበረችና ቀጠለ። ነፋሱ በየት በኩል ቢመጣ አቧራው እነሱ ከተማ እንደሚደርስ አስረዳት፤ ውሃ ሸፍና እንድታስቀምጥ መከራት። ተናግሮ ተናግሮ ሲጨርስ «ሰማሽኝ?» አለ።

«አባዬ» አለች ልጁ። «እማዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ልብስ የምትለካ ሴት በመስኮቱ ጠራቻት።»

«የቱ ጋ ስደርስ ነው የተነሳችው?» አለ።

«ገና መጨባበጣቸውን ስትል» አለች ልጅቷ።